አዲስ የፍሮንትኤንድ መሣሪያ እንቀበል ወይስ ባለን እንቆይ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፍሮንትኤንድ፣ ማለትም ተጠቃሚው የሚያየውንና የሚነካውን የድረ ገጽ ክፍል፣ በሚሠሩ ቡድኖች ውስጥ በየጥቂት ወሩ የሚነሣ ክርክር ነው። አንድ አዲስ ፍሬምወርክ (ድረ ገጽ የሚገነባበት ዝግጁ የኮድ መዋቅር) ይወጣል፤ አንዱ ባልደረባ ሌሊቱን ሲሞክረው ያድርና ጠዋት ፊቱ በርቶ ይመጣል። ሌላው ደግሞ ያለፈው ሽግግር ድካም ገና አልወጣለትም። ሁለቱም እውነት አላቸው። ከዚህ በታች ያሉትን ጥያቄዎች በእንዲህ ያሉ ስብሰባዎች ደጋግሜ ሰምቻቸዋለሁ። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድመን ምን እንጠይቅ?

ያመማችሁን ጠይቁ። አሁን ያለው መሣሪያ የት ላይ እንደሚያስቸግራችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «አንዲት መስመር ለውጠን ውጤቱን በብራውዘር ለማየት 40 ሰከንድ እንጠብቃለን» ሕመም ነው፤ መድኃኒት ሊፈለግለት ይገባል። «ኮዳችን ያረጀ ይመስላል» ግን ስሜት ነው። ስሜቱ ክፉ ባይሆንም የሳምንታት ሥራ ለመጀመር አይበቃም።

ቪት የተባለው ኮድ የሚያዘጋጅ መሣሪያ በ2020 ሲመጣ ብዙዎች በደስታ የተቀበሉት እውነተኛ ሕመም ስለነካ ነው። እንደ ዌብፓክ ያሉት የቀደሙት መሣሪያዎች ፕሮግራመሩ ሥራውን የሚሞክርበት የልማት ሰርቨር ከመነሣቱ በፊት የመተግበሪያውን ኮድ በሙሉ አንድ ላይ ይጠቀልላሉ፤ ስለዚህ ፕሮጀክቱ በሰፋ ቁጥር ጥበቃው ይረዝማል። ቪት ግን ብራውዘሮች የጃቫስክሪፕት ሞጁሎችን በራሳቸው ማንበብ መቻላቸውን ተጠቅሞ፣ የተከፈተው ገጽ የሚፈልገውን ፋይል ብቻ በተፈለገ ጊዜ ያቀርባል። ጥበቃው ላንገሸገሸው ቡድን ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር። ፕሮጀክቱ ትንሽ ሆኖ በ3 ሰከንድ ለሚነሣለት ቡድን ግን ያን ያህል የሚለወጥለት ነገር አልነበረም።

ብዙ ጊዜ ደግሞ ሕመሙ ከመሣሪያው አይደለም። ገጹ የዘገየው ማንም ያላሳነሰው የ4 ሜጋባይት ፎቶግራፍ ተሸክሞ ሊሆን ይችላል። ኮዱ የተወሳሰበውም መረጃው የት መቀመጥ እንዳለበት ቡድኑ ተነጋግሮ ስለማያውቅ ይሆናል። እንዲህ ያለው ሕመም ከሰዎቹ ጋር አብሮ ወደ አዲሱ መሣሪያ ይገባል።

ሁሉም ሰው ስለ እሱ እያወራ ነው። ይህ በራሱ ምልክት አይደለም?

የትኩረት ምልክት ነው፤ የጥንካሬ ግን አይደለም። ኮድ በሚጋራበት በጊትሀብ ድረ ገጽ ላይ ያለው የኮከብ ብዛት ስንት ሰው አንድ ቁልፍ እንደተጫነ ይነግራችኋል። ኤንፒኤም ከተባለው የጃቫስክሪፕት ፓኬጆች (ዝግጁ የኮድ ጥቅሎች) ማከማቻ የሚወርድበት ቁጥርም የሰው ቁጥር አይደለም፤ አውቶማቲክ የሙከራ ሰርቨሮች ፓኬጁን ባወረዱ ቁጥር ይቆጠራል።

እኔ የማደርገው ይህን ነው። የስህተት ሪፖርቶቹን እከፍትና ከስድስት ወር በፊት የተጻፈ፣ በሚገባ የተብራራ አንድ ሪፖርት እፈልጋለሁ። ማን መለሰለት? በምን ቃና? ችግሩ ተስተካከለ ወይስ ሪፖርቱ በዝምታ ተዘጋ? አንድ ቀን ሪፖርት የምትጽፉት እናንተ ናችሁና፣ የሚጠብቃችሁን አቀባበል አስቀድማችሁ እያያችሁ ነው።

መሣሪያው ዕድሜ እንደሚኖረው በምን እናውቃለን?

ከጀርባው ትልቅ ኩባንያ መኖሩ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። አንጉላርጄኤስ በ2010 የወጣው ከጎግል ነው። በ2016 የመጣው አንጉላር 2 ግን ስሙ ይመሳሰል እንጂ ሌላ ፍሬምወርክ ነበር። በቀድሞው ላይ ለዓመታት የገነቡ ሰዎች ኮዳቸውን በአመዛኙ እንደ አዲስ መጻፍ ወይም ባሉበት መቆየት ነበረባቸው፤ የቀድሞው ድጋፍም ዲሴምበር 31 ቀን 2021 አበቃ። በአንጻሩ ቪዩ የተባለውን ፍሬምወርክ በ2014 ለሕዝብ ያቀረበው ኢቫን ዩ የተባለ አንድ ሰው ነው፤ እስከ ዛሬም አለ። ጄኬሪ የተባለው ላይብረሪ (ለአንድ ሥራ የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ) በ2006 ወጥቶ አሁንም ስፍር ቁጥር በሌላቸው ድረ ገጾች ውስጥ ይሠራል።

ስለዚህ የኩባንያውን ስም ትቼ የምመለከተው መሣሪያው ትልቅ ለውጥ ባደረገ ጊዜ የነበሩትን ተጠቃሚዎች እንዴት እንደያዘ ነው። የፌስቡኩ ሪአክት በ2019 ሁክስ የተባለውን አዲስ የአጻጻፍ መንገድ ሲያስገባ፣ በቀድሞው የክላስ መንገድ የተጻፉት አሮጌ ኮምፖነንቶች (የገጽ ክፍሎች) መሥራታቸውን ቀጠሉ፤ ማንም ሌሊቱን ተነሥቶ ኮዱን እንዲለውጥ አልተገደደም። ቪዩ 3 በሴፕቴምበር 2020 ወጥቶ የቪዩ 2 ድጋፍ ያበቃው በ2023 መጨረሻ ነው። ከሦስት ዓመት በላይ ጊዜ ተሰጥቷል፤ መሸጋገሪያ እትምም ተዘጋጅቷል። እንዲያም ሆኖ የተቸገሩ ብዙ ናቸው፤ የሚመኩባቸው የቅጽና የሠንጠረዥ ላይብረሪዎች ለአዲሱ እትም ዘግይተው ስለደረሱ። ከዚህ የተማርኩት የዋናውን መሣሪያ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያሉትንም ዕድሜ መመርመር እንዳለብኝ ነው።

የእትም ቁጥሩ ገና በዜሮ የሚጀምር ከሆነ ደራሲዎቹ ራሳቸው «ማንኛውም ነገር ሊለወጥ ይችላል» እያሏችሁ ነው። እመኗቸው።

እንዴት እንሞክረው?

በመማሪያው ላይ ባለው ምሳሌ አትሞክሩት። የሥራ ዝርዝር መመዝገቢያ ገጽ በየትኛውም መሣሪያ ሲሠራ ያምራል። ከራሳችሁ ፕሮጀክት ውስጥ ሁሉም ሰው መንካት የሚፈራውን ገጽ ምረጡ።

አንድ ጊዜ የኮምፖነንት ላይብረሪ ለመምረጥ በተቀመጥን ጊዜ ያደረግነው ይህን ነው። ሦስት ደረጃ ያለው የመመዝገቢያ ቅጽ ነበረን፤ ቀን ይመረጣል፣ ፋይል ይጫናል፣ ከሰርቨር የሚመጣ የስህተት መልእክት በየሳጥኑ ሥር ይታያል። የመጀመሪያው ቀን ደስ የሚል ነበር፤ ቅጹ ከቀድሞው በግማሽ ባነሰ ኮድ ተሠራ። በሁለተኛው ቀን ሆን ብለን የተሳሳተ መረጃ አስገብተን ላክን። የስህተት መልእክቱ ወጣ፤ ነገር ግን ጠቋሚው ከነበረበት ሳጥን ጠፍቶ ገጹ አናት ላይ ተገኘ። ምክንያቱን ስንፈልግ ላይብረሪው መልእክት በመጣ ቁጥር የጽሑፍ ሳጥኑን አጥፍቶ እንደ አዲስ ይፈጥረዋል። ለሚያይ ሰው ይህ መጠነኛ መሰላቸት ነው። በስክሪን አንባቢ (ጽሑፉን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም) ለሚጠቀም ዓይነ ስውር ግን የነበረበትን ቦታ ማጣት፣ ቅጹንም ከመጀመሪያው መጀመር ማለት ነው። ላይብረሪውን ተውነው። የራሱን ማሳያ ገጾች ለአንድ ወር ብናገላብጥ ይህን አናገኘውም ነበር።

ሙከራውን ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ምን ብታገኙ «አይሆንም» እንደምትሉ ጻፉ፤ ሰው ለአንድ ነገር ሳምንት ከደከመለት በኋላ እምቢ ማለት ይከብደዋል። ሁለተኛ፣ ጊዜውን ገድቡ፤ ለፍሬምወርክ አንድ ሳምንት፣ ለአነስተኛ ላይብረሪ ሁለት ቀን አይበዛም አያንስም። ሦስተኛ፣ ሞካሪዎቹ ውስጥ ነገሩን የሚጠራጠር ሰው አስገቡ።

ውጤቱንም በፕሮግራመሩ ፈጣን ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን በአነስተኛ አቅም ስልክና በዘገምተኛ ኢንተርኔት ለኩት። የጎግል የድረ ገጽ ጤንነት መለኪያዎች ለዚህ ጥሩ መነሻ ይሆናሉ፦ የገጹ ዋና ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ፣ ገጹ ለንክኪ ከ200 ሚሊሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ ምላሽ እንዲሰጥ፣ የይዘቱ መንሸራተት ልኬትም (ነገሮች ሳይታሰብ ከቦታቸው የሚዘሉበት መጠን) ከ0.1 እንዳይበልጥ ይጠይቃሉ። እነዚህ ከጉብኝቶቹ ቢያንስ በ75 በመቶው ሊሟሉ ይገባል። ለፕሮግራመሩ የሚመች መሣሪያ ለተጠቃሚው የማይመች ከሆነ ምቾቱን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው፤ ይህን ነገር ቀላል አድርጌ ማየት አልችልም።

ሙከራው ሲያበቃ ኮዱን አጥፉት። «ለጊዜው ይቆይ» የተባለ የሙከራ ኮድ ሳይወሰን በተጠቃሚዎች ፊት ሲቀርብ አይቻለሁ።

መሣሪያው በነጻ የሚገኝ ነው። ታዲያ ወጪው ምንድን ነው?

ጊዜ ነው። ቡድኑ የሚማርበት፣ ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚያረጋግጡት ፈተናዎችና የውስጥ ሰነዶቹ እንደገና የሚጻፉበት፣ አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን የሚኖሩበት ጊዜ። አዲስ ባልደረባ በገባ ቁጥር ወጪው እንደገና ይመጣል።

የአጠቃቀም ፈቃዱንም አንብቡ። ሪአክት እስከ 2017 ድረስ የፓተንት (የፈጠራ መብት) አንቀጽ የተጨመረበት ፈቃድ ነበረው። ብዙ ነጻ የሶፍትዌር ፕሮጀክቶችን የያዘው የአፓቼ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን በዚያ ዓመት ያን ፈቃድ በፕሮጀክቶቹ ውስጥ ከማይፈቀዱት ጎራ መደበው፤ ፌስቡክም በሴፕቴምበር ወር ሪአክትን ያ አንቀጽ ወደሌለበት ወደ ኤምአይቲ ፈቃድ አዛወረው። ጉዳዩ በመልካም ተፈታ፤ ለብዙ ቡድኖች ግን ፈቃዱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበቡት ያን ጊዜ ነበር።

ከገባንበት በኋላ መውጣት ብንፈልግስ?

ይህ ጥያቄ መጀመሪያ ላይ ቢጠየቅ ኖሮ የብዙ ቡድኖች ታሪክ በተለወጠ ነበር። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» እንደሚባለው፣ ሁላችንም መግቢያውን እናያለን። እኔ አንድን መሣሪያ ስመዝን ትልቁን ክብደት የምሰጠው ለመውጫው ነው።

መውጫው በሁሉም መሣሪያ እኩል አይደለም። ኮድ የሚጠቀልል መሣሪያ ከኮዱ ውጪ ነው የሚቀመጠው። የሪአክት ቡድን በ2016 ያወጣው ክሪኤት ሪአክት አፕ የተባለ የፕሮጀክት ማስጀመሪያና መጠቅለያ መሣሪያ በፌብሩዋሪ 2025 ለአዲስ ሥራ አይመከርም ሲባል፣ ብዙ ፕሮጀክቶች ኮምፖነንቶቻቸውን ሳይነኩ ወደ ሌላ መሻገር ችለዋል። ፍሬምወርክ ግን በእያንዳንዱ ፋይል ውስጥ ይገባል። ለመጀመሪያው ዓይነት ደፋር፣ ለሁለተኛው ዘገምተኛ መሆን ተገቢ ነው።

በመካከል ያሉት ላይብረሪዎች ናቸው፤ በእነሱ ላይ ብዙ ማድረግ ይቻላል። ሞመንት የተባለውን የቀን ላይብረሪ አስቡ። በሴፕቴምበር 2020 ደራሲዎቹ ራሳቸው ሥራው እንዳለቀና አዲስ ፕሮጀክት ሌላ እንዲመርጥ በግልጽ አሳወቁ፤ የሚደነቅ ሐቀኝነት ነው። ቀን የሚያዘጋጁ ተግባሮችን በራሱ አንድ ፋይል ውስጥ ሰብስቦ ሞመንትን ከዚያ ብቻ የሚጠራ ቡድን ያን አንድ ፋይል ለወጠ። ሞመንትን በቀጥታ ከ300 ቦታ የሚጠራ ቡድን ግን 300 ቦታ ነካ።

ሒሳብ የሚሠራው፣ ቅናሽ የሚያሰላው፣ መብት የሚያጣራው ኮድ በተራ ጃቫስክሪፕት ወይም ታይፕስክሪፕት ይጻፍ፤ ፍሬምወርኩ መኖሩን እንኳ አይወቅ። ፈተናዎቹም ተጠቃሚው የሚያየውን ይፈትሹ። «ላክ የሚለው ቁልፍ ሲነካ የማረጋገጫው ጽሑፍ ይታያል» የሚል ፈተና ፍሬምወርኩ ቢለወጥም ይኖራል፤ አዲሱ ኮድ እንደ አሮጌው መሥራቱን የሚመሰክረው እሱ ነው። የኮምፖነንቱን ውስጥ የሚጎረጉር ፈተና ግን በጣም በምትፈልጉት ቀን ከአሮጌው ጋር አብሮ ይሞታል።

ስለ ደኅንነትስ?

አንድ መሣሪያ ስትጭኑ እሱ የሚደገፍባቸውን ሁሉ፣ እነሱም የሚደገፉባቸውን ጭምር ትጭናላችሁ። በማርች 2016 ሌፍትፓድ የምትባል፣ ጽሑፍን ከግራ በኩል እየሞላች የምታስረዝም የ11 መስመር ፓኬጅ ከኤንፒኤም በተነሣች ጊዜ ስሟን ሰምተው የማያውቁ ፕሮጀክቶች ሁሉ መገንባት አቃታቸው። በ2018 የኢቨንት ስትሪም ፓኬጅ ኃላፊነት ለአንድ እንግዳ ተላለፈና የዲጂታል ገንዘብ ቦርሳ ላይ ያነጣጠረ ተንኮለኛ ኮድ ገባበት። በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ አንድ የታወቀ የፓኬጅ ደራሲ በሐሰተኛ ኢሜይል ተታልሎ፣ ቾክና ዲበግን ጨምሮ በድምሩ በሳምንት ከ2 ቢሊዮን ጊዜ በላይ የሚወርዱ ፓኬጆች ለጥቂት ሰዓታት ተበከሉ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለም?

ስለዚህ ከመወሰናችሁ በፊት በባዶ ፎልደር ውስጥ መሣሪያውን ብቻውን ጫኑትና ስንት ፓኬጅ ተከትሎት እንደገባ ቁጠሩ። የተጫኑትን እትሞች የሚመዘግበውን የእትም መቆለፊያ ፋይል ከኮዱ ጋር አስቀምጡ። ዛሬ ጠዋት የወጣን እትም ዛሬ ከሰዓት አታስገቡ፤ የተበከሉ ፓኬጆች ብዙውን ጊዜ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ይደረስባቸዋል።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ አደጋም አለ። በዲሴምበር 2025 በሪአክት ሰርቨር ኮምፖነንትስ (በሰርቨር ላይ በሚሠራው የሪአክት ክፍል) ውስጥ የተገኘው ክፍተት ያልተፈቀደለት ሰው ከሩቅ ሆኖ በሰርቨሩ ላይ ኮድ እንዲያስኬድ የሚያስችል ነበር፤ በአደገኝነት መለኪያውም ከ10 ሙሉ 10 ተሰጠው። ያን ጊዜ የተረፈው በአንድ ቀን ውስጥ እትሙን ማሳደግ የቻለ ቡድን ነው። አዲሱን መሣሪያ ስትመዝኑ «አስቸኳይ ጥገና ቢመጣ በአንድ ቀን እንደርስበታለን?» ብላችሁ ጠይቁ።

ብራውዘሩ ራሱ የሚበቃበት ጊዜ የለም?

አለ፤ በየዓመቱም እየሰፋ ነው። ለብቅ ባይ መስኮት የሚያገለግለው የዳያሎግ ኤለመንት ከ2022 ጀምሮ፣ ንድፍን በያዘው ሳጥን ስፋት የሚቀይረው የሲኤስኤስ (የገጽን መልክ የሚወስነው ቋንቋ) ብልሃት ደግሞ ከ2023 ጀምሮ በዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች ሁሉ ይሠራሉ። ሌፍትፓድ ትሠራው የነበረውንም በ2017 ጃቫስክሪፕት በራሱ አካቶታል። አንድ ላይብረሪ ለመጨመር እጃችሁን ከመዘርጋታችሁ በፊት አሥር ደቂቃ ሰጥታችሁ ብራውዘሩ ያንን እንደሚችል አረጋግጡ።

ኮድ የሚጽፉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳቶች ምርጫውን ይለውጡታል?

በመጠኑ። ረዳቶቹ ብዙ የተጻፈበትን መሣሪያ ያውቁታል፤ ትናንት የወጣውን ግን በአሮጌው ልማድ እየገመቱ ይጽፉታል። አዲስ መሣሪያ ከመረጣችሁ የረዳቱን መልስ ከሰነዱ ጋር የማመሳከር ሥራ እንደሚጨመርባችሁ አስቡ።

ቡድናችን ለሁለት ቢከፈልስ?

በጩኸት አይወሰን። ውሳኔውን አንድ ገጽ ላይ ጻፉት፦ ሕመሙ ምን ነበር፣ ምን ሞከርን፣ ምን ተውን፣ ለምን። ሌሊት ስልክ ተደውሎለት ብልሽት የሚጠግነው ሰው ድምፅ ከማንም ያነሰ እንዳይሆን። ጀማሪዎቹም ቀድመው ይናገሩ፤ አለቃው ከተናገረ በኋላ የሚነገረው ብዙ ጊዜ ማስተጋባት ነው። «አይሆንም» ካላችሁ ደግሞ መልሳችሁ የምታዩበትን ጊዜ አብራችሁ ጻፉ። ከስድስት ወር በኋላ እናየዋለን የተባለ ሰው ሐሳቡ እንደተከበረ ያውቃል።

ከተቀበልን በኋላ ሁሉንም በአንዴ እንጻፈው?

አይሆንም። በእውነተኛ ተጠቃሚዎች ፊት ያለ ነገር ግን ቢሳሳት ብዙ የማይጎዳ አንድ ገጽ ምረጡና ከዚያ ጀምሩ። ቀጥሎ ያለው ግን በብዛት ይረሳል፤ አሮጌው መሣሪያ የሚወጣበትን ቀንና ኃላፊውን ሰው ወስኑ። አንድ ጊዜ የተረከብኩት ፕሮጀክት አንዱ ገጹ ላይ ጄኬሪ፣ አንጉላርጄኤስና ሪአክት ሦስቱም አብረው ይኖሩ ነበር። እያንዳንዱ ሽግግር በጉጉት ተጀምሮ መሃል ላይ ቀርቷል። ገጹን የሚከፍተው ሰው የሦስቱንም ሸክም ያወርድ ነበር፤ እኛም አንዲት ቁልፍ ለመለወጥ ሦስቱንም ማወቅ ነበረብን። በግማሽ የቀረ ሽግግር ከሁለቱም ምርጫዎች የባሰ ነው።

ጀማሪ ነኝ፤ አዲስ ነገር በወጣ ቁጥር ወደ ኋላ የቀረሁ ይመስለኛል።

አልቀሩም። መማርና ለሥራ መቀበል የተለያዩ ናቸው፤ ለመማር ማንኛውንም ይሞክሩ፣ ማንንም አይጎዱም። ነገር ግን የተሻለውን ሰዓትዎን ለኤችቲኤምኤል፣ ለሲኤስኤስና ለጃቫስክሪፕት ይስጡ። በ2006 ስለ ብራውዘር በጥልቀት የተማረ ሰው ያን እውቀት ዛሬም ይሠራበታል።

ብዙ ሳንደክም «አይሆንም» ማለት የምንችለው መቼ ነው?

ፈቃድ ከሌለው። የስህተት ሪፖርቶች ለወራት ያለ መልስ ከተከመሩ። ሰነዱ ነገሮች ሲሳኩ ብቻ እንጂ ሲበላሹ ምን እንደሚደረግ ካልነገረ። ደግሞም ማውሱን ወደ ጎን ትታችሁ የራሳቸውን ማሳያ ገጽ በታብ ቁልፍ ብቻ ለመዞር ሞክሩ። የት እንዳላችሁ ካላሳያችሁ፣ ወይም የከፈታችሁት ምናሌ በኪቦርድ አልዘጋ ካለ፣ ከአምስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ መልሳችሁን አግኝታችኋል።